ትልቅ ስዊምቤይት ለባስ፦ ከአምስቱ ዓይነት የቱን ልግዛ?

የመጀመሪያውን ትልቅ ስዊምቤይቴን፣ ማለትም ባስ የሚባለውን አፈ ሰፊ አዳኝ ዓሣ ለመያዝ የሚወረወረውን ዓሣ መሳይ ማባበያ፣ የገዛሁት በዓይኔ ነው። መደርደሪያው ላይ ተኝቶ አየሁት፣ አለቀ። ቁርጥ ትራውት የሚባለውን ዓሣ። ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር፣ ጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ዓይኑ ሳይቀር ያበራል። ችግሩ ዘንጌ ነበር። ቢበዛ 28 ግራም ለመወርወር የተሠራ ዘንግ ላይ ከ100 ግራም በላይ የሚመዝን ማባበያ አሰርኩ። በሦስተኛው ውርወራ ክሩ ሪሉ (ክር መጠቅለያው) ላይ ተጠላለፈና ጧ ብሎ ተበጠሰ። ማባበያው ግን ጉዞውን ቀጠለ። በጣም ሩቅ ሄደ። እንደዚያ ርቆ የተወረወረ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም። ውሃው ላይ አንድ ትልቅ ቀለበት ሠርቶ ጠፋ፣ እኔም ባዶ ዘንግ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው የትኛው ብራንድ ይበልጣል የሚለውን አይደለም። ብራንድ መርጦ ውሃ ዳር መሄድ ቀላል ነው። ከባዱ የገዛችሁት ነገር ከውሃችሁ፣ ከዘንጋችሁና ከኪሳችሁ ጋር መግጠሙ ነው። ገበያው ላይ ያለው ሁሉ "ስዊምቤይት" ተብሎ ይሸጣል፤ በሥራው ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም።

## ስለምን እንደምናወራ

ስዊምቤይት ማለት በአጭሩ ዓሣ መስሎ የተሠራ፣ ሲሳብ ደግሞ እንደ ዓሣ የሚዋኝ ሰው ሠራሽ ማባበያ ነው። እኔ እዚህ "ትልቅ" የምለው ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ያለውን ነው። አብዛኛው ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር ይሆናል። ክብደቱ ከ40 ግራም ጀምሮ እስከ 170 ግራም ይደርሳል፤ ከዚያ በላይም አለ።

ነገሩ የጎለበተው ደቡባዊ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ከፍሎሪዳ የመጡ ባሶች ሳንዲያጎ አካባቢ ባሉ ሐይቆች ተለቀቁ። እነዚህ የፍሎሪዳ ባሶች ከሌሎቹ ይልቅ ትልቅ የመሆን ተፈጥሮ አላቸው። እዚያው ሐይቆች ውስጥ ደግሞ ለአጥማጆች ተብሎ በብርዱ ወራት ሬይንቦ ትራውት ይለቀቅ ነበር። ባሱ ምን አደረገ? በመኪና ተጭኖ የመጣለትን ምሳ በላ። ወፈረ፣ ገዘፈ። አጥማጆቹም ይህን አይተው ከእንጨት ትራውት መቅረጽ ጀመሩ፤ በኋላ ለስላሳው ፕላስቲክ መጣ። ጃፓኖች ደግሞ በበኩላቸው በሁለት ቁራጭ የሚታጠፈውን ግላይድ ቤይት ወደ ሌላ ደረጃ አደረሱት።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የላርጅማውዝ ባስ (እዚህ የምናወራለት የባስ ዓይነት) የዓለም ክብረ ወሰን የሁለት ሰዎች ነው። ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ 10.09 ኪሎ የሚመዝን ያዘ። ማናቡ ኩሪታ ደግሞ በ2009 ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ 10.12 ኪሎ። የኩሪታ ትንሽ ይበልጣል፤ ነገር ግን ክብረ ወሰኑን በሚመዘግበው ዓለም አቀፍ የአጥማጆች ማኅበር ደንብ የድሮውን ለመሻር ቢያንስ 2 አውንስ፣ ማለትም 57 ግራም ገደማ መብለጥ ነበረበት። ስላልበለጠ ተጋሩት። እኔን የሚገርመኝ ግን ሚዛኑ አይደለም፣ ምግቡ ነው። ኩሪታ ዓሣውን የያዘው በሕይወት ባለ ብሉጊል ነው። ብሉጊል ደግሞ አጭር፣ ጎኑ ሰፊ፣ መዳፍ የሚያህል ዓሣ ነው።

ምን ለማለት ነው? ባስ አንድን ነገር መዋጥ መቻል አለመቻሉን የሚወስነው የአፉ ስፋት ነው። ርዝመቱ ብዙም አያስጨንቀውም። ከጀርባ እስከ ሆድ ያለው ስፋት ነው ጉሮሮው ላይ የሚቀረው። ስለዚህ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ቀጭን ትራውት መሳይ ማባበያ፣ 18 ሴንቲሜትር ከሆነ ግን ሰፊ ከሆነው ይልቅ ለመዋጥ ሊቀል ይችላል። መለኪያውን በሴንቲሜትር ብቻ አትዩት። በሐይቃችሁ ውስጥ ባሱ የሚበላው ምን ዓይነት ቅርጽ ያለው ዓሣ ነው? መጀመሪያ እሱን እወቁ።

## ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

ዓሣው የት ነው ያለው? ባስ ሲያድን ወደ ላይ ማየት ይወዳል። ማባበያው በሱ ቁመት ወይም ትንሽ ከሱ ከፍ ብሎ ቢያልፍ ይሻላል። ከሆዱ በታች የሚያልፈውን ብዙ ጊዜ አያየውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለየው ጥልቀት ነው፦ ውሃው ገጽ ላይ፣ ከላይ ሁለት ሜትር ውስጥ፣ ወይስ መሬቱን እየታከከ?

ውሃው ያሳያል ወይስ ደፍርሷል? ጥርት ባለ ውሃ ባስ ከሩቅ አይቶ ይመጣል። በደፈረሰ ውሃ ግን በጎኑ ባለው መስመር ንዝረት እየሰማ ነው የሚመጣው። ጅራቱ ዱብ ዱብ የሚል ማባበያና ዝም ብሎ ግራ ቀኝ የሚንሸራተት ማባበያ ለየቅል ናቸው።

ምን አለ ውስጡ? ሣር፣ የሰጠመ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ወይስ ባዶ ጭቃ? ሆዱ ስር ሁለት ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ የተንጠለጠለበትን ነገር የሰጠመ ዛፍ ውስጥ መወርወር ገንዘብ መወርወር ነው።

ዘንጋችሁ ስንት ግራም ይችላል? ዘንጉ እጀታ አጠገብ ተጽፏል። በአውንስ ከሆነ በ28 አባዙት። የኔን ታሪክ ከላይ አንብባችኋል።

ቢጠፋ ምን ያህል ያማል? ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ነው የምጠይቀው። ብዙ ሰው ውዱን ማባበያ ገዝቶ ዓሣው ከሚገኝበት ቦታ አርቆ ይወረውራል። ግንዱን ይፈራል፣ ሣሩን ይፈራል፣ ባዶ ውሃ መሃል ሲያዋኝ ይውላል። ባሱ ደግሞ ግንዱ ስር ነው።

## አንደኛ፦ ለስላሳው፣ መቅዘፊያ ጅራት ያለው

ሰውነቱ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ ወይም እንደ ሽብልቅ ሆኖ በሳባችሁት ቁጥር ይወዛወዛል። ትልልቅ ባሶችን ለረጅም ዘመን ሲይዝ የኖረው ይህ ነው። አጠቃቀሙ ያሰለቻል፦ ወርውራችሁ ትለቁታላችሁ፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ዝግ አድርጋችሁ ትጠቀልላላችሁ። ዝግ ስል በእርግጥ ዝግ ነው። እጃችሁ "ትንሽ ላፍጥን" ሲላችሁ እንቢ የምትሉበት ዓይነት ዝግ።

ሲገዙ የሚታየው አንዱ ነገር የመስጠም ፍጥነቱ ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ይህን በቁጥር ይጽፉታል። ቁጥሩ ትልቅ በሆነ ቁጥር ፈጥኖ ይሰጥማል። ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ቦታ ላይ ፈጣኑን ከወረወራችሁ ጭቃ ትጎትታላችሁ፤ 7 ሜትር ላይ ዝግተኛውን ከወረወራችሁ ደግሞ እስኪወርድ ሻይ ትጠጣላችሁ።

ሁለተኛው የመንጠቆው አቀማመጥ ነው። ሦስት ዓይነት አለ።

አንደኛው ክሩ በሰውነቱ ውስጥ አልፎ የሚወጣበት ነው። ክሩ በአፉ ገብቶ በሆዱ ይወጣና መንጠቆው ላይ ይታሰራል፣ መንጠቆው ደግሞ በስፒል ሆዱ ላይ ይሰካል። ዓሣው ሲያዝ ማባበያው ክሩን ይዞ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ባስ ከውሃ ዘሎ ራሱን ሲነቀንቅ የ100 ግራሙን ክብደት እንደ መዶሻ ተጠቅሞ መንጠቆውን ማስለቀቅ አይችልም። ማባበያውም አይቀደድም። እኔ ለለስላሳ ማባበያ የምመርጠው ይሄን ነው።

ሁለተኛው አንድ ትልቅ መንጠቆ ከጀርባው የሚወጣበት ነው። መሬት ለመሬት ሲሄድ ብዙም አይያዝም። ሣር ላይም ይሻላል። ጉዳቱ ዓሣው ከታች ወይም ከጎን ሲመታ መንጠቆው ላይ ሳይደርስ ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ውስጡ ክብደት ያለው፣ ሆዱ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ በማግኔት የሚጣበቅበት ነው። ዓሣ ሲይዝ መንጠቆው ከማግኔቱ ይላቀቅና ነጻ ይሆናል። ለጀማሪ ምቹ ነው። ከሳጥኑ አውጥታችሁ አስራችሁ ትወረውራላችሁ፣ የሚገጣጠም ነገር የለውም።

የለስላሳው ትልቁ ድክመት ዕድሜው ነው። ጥቂት ዓሣ ከያዘ ይቀደዳል። ለለስላሳ ፕላስቲክ በተሠራ ሙጫ ይጠገናል፣ የተቀደደውን በጋለ ቢላ አቅልጦ ማጣበቅም ይቻላል። ሌላው አቀማመጡ ነው። ከነማሸጊያው፣ ጅራቱ ሳይታጠፍ አስቀምጡት። አንዴ ታጥፎ ከከረመ ጠማማ ይዋኛል። ከታጠፈባችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩትና አቃንታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። የኔ አንዱ መኪና ውስጥ ሁለት ሳምንት ታጥፎ ከርሞ በዚህ ነው የዳነው።

## ሁለተኛ፦ ግላይድ ቤይት

ይህ ጠንካራ ሰውነት ያለው፣ መሃሉ ላይ አንድ ማጠፊያ ያለው፣ ሁለት ቁራጭ ነው። ሲሳብ በቀጥታ አይመጣም። ግራ ይንሸራተታል፣ ቀኝ ይንሸራተታል። ከላይ ስታዩት የእባብ መንገድ ነው።

ሱስ ያስይዛል። ምክንያቱም ዓሣ ያሳያል። ጥርት ያለ ውሃ ላይ ግላይድ ስትስቡ ከኋላው አንድ ጥላ ይከተለዋል። መጀመሪያ የማባበያው ጥላ ይመስላችኋል። ከዚያ ጥላው አፍ ሲኖረው ታያላችሁ። ጉልበታችሁ ይርዳል፣ እጃችሁ ይቆማል፤ ልክ እጃችሁ ሲቆም ዓሣው ያያችሁና ቀስ ብሎ፣ ያለ ምንም ችኮላ፣ ዞሮ ይሄዳል። ይሄ እኔ ላይ ስንቴ እንደደረሰ አልቆጥርም።

ለዚህ ነው ግላይድ ሁለት ሥራ አለው የምለው፦ ዓሣ ማግኘትና ዓሣ መያዝ። በመጀመሪያው ከአምስቱም አንደኛ ነው። በሁለተኛው ግን አይደለም። ብዙው ይከተላል፣ ጥቂቱ ይመታል። የሚከተለውን ለማስመታት ዘዴው ማቆም ሳይሆን መለወጥ ነው። ሪሉን ፈጠን አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ ዙር ቆረጥ ቆረጥ ስታደርጉት፣ ወይም የዘንጉን ጫፍ አንዴ ጨርፋችሁ ክሩን ስታላሉት ማባበያው ዞሮ ዓሣውን ፊት ለፊት ያየዋል። አዳኝና ታዳኝ ተፋጠጡ ማለት ነው። ያኔ ነው አብዛኛው የሚመታው። ካልመታም ያ ዓሣ የት እንደሚኖር አውቃችኋል። ሲመሻሽ ወይም ነፋስ ሲነሳ በሌላ ማባበያ ተመለሱ።

የአሳሳቡ መሠረት የሪሉ እጀታ ነው። ግማሽ ዙር፣ ትንሽ ፋታ፣ ግማሽ ዙር፣ ፋታ። አንዳንዱ ግላይድ ዝም ብሎ ቢጠቀለል እንኳ ራሱ ይንሸራተታል፤ ለጀማሪ እንደሱ ያለው ይሻላል። ሰፊ የሚንሸራተተው ግን በትክክል ካልተሳበ እንደ እንጨት ይመጣል።

ግላይድ ሲገዛ ከቀለሙ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሚዛኑ ነው። አንዴ በጣም የሚታወቅ ግላይድ አስመስሎ የተሠራ ርካሽ ቅጂ ገዛሁ። በፎቶ ስታዩት አይለይም። ውሃ ውስጥ ስከተው በጎኑ ተኛ። በጎኑ ተኝቶ፣ ሆዱን እያሳየ ነው የመጣው። የሞተ ዓሣ መስሎ ቢሆን እንኳ ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን የሞተ ፕላስቲክ ነው የሚመስለው። ሻጩ "እንደዚያ ነው የሚሠራው" ብሎኝ ገንዘቤን አልመለሰም። ርካሽ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በፋብሪካ ቅርጽ ማውጫ የሚመረቱ፣ ዋጋቸው መካከለኛ፣ በትክክል የሚሠሩ ብዙ አሉ። ቅጂ ግን ቁማር ነው።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ውሃ ይከብዳል። ስለዚህ በሞቃት ወቅት ቀስ ብሎ የሚሰጥመው ግላይዳችሁ፣ ብርድ ሲመጣ ውሃው መሃል ተንሳፍፎ ሊቀር ወይም ጭራሽ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ማባበያው አልተበላሸም። ሆዱ ላይ የሚለጠፍ ቀጭን የእርሳስ ቁራጭ ጨምሩበት፣ ይስተካከላል።

## ሦስተኛ፦ ብዙ ማጠፊያ ያለው

ከሦስት እስከ ስድስት ቁራጭ አለው። ሲሳብ መላ ሰውነቱ ይጥመለመላል። ከሁሉም በላይ ዓሣ የሚመስለው ይሄ ነው፣ ቢያንስ ለሰው ዓይን። ምንም ጥበብ አይጠይቅም። ወርውሩና ጠቅልሉ። ፈጠን ተደርጎ ሲሳብም አይበላሽም፣ ስለዚህ ሰፊ ውሃ በአጭር ጊዜ ለመፈተሽ ይመቻል። ባስ ሻድ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ እያሳደደ ባለበት ቦታ ጥሩ ነው።

ድክመቱ ያው እንቅስቃሴው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ተከትሎ የመጣውን ዓሣ የሚያስደነግጥ፣ የሚያስቆጣ ለውጥ ለመፍጠር ያስቸግራል። ማጠፊያ በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚሰበር ነገርም ይበዛል። ድንጋይ ላይ ከወደቀ በተለይ የጅራቱ ክፍል አይተርፍም።

## አራተኛ፦ ገጽ ላይ የሚሄደው

ዌክ ቤይት ይሉታል። ይንሳፈፋል፣ ሲሳብ ልክ ውሃው ቆዳ ስር ሆኖ ይወዛወዛል፣ ከኋላው ደግሞ ሁለት ወገን የሚከፈት ሞገድ ይተዋል። ብዙዎቹ አፋቸው ስር ትንሽ ከንፈር አላቸው።

ጎህ ሲቀድ፣ ሲመሻሽና ሌሊት ይሠራል። ውሃው ሞቅ ሲል፣ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ ላይ ሲሆን ማሰብ ጀምሩ። አጠቃቀሙ ከለስላሳው ጋር አንድ ነው፦ ዝግ ያለ፣ አንድ ወጥ፣ አሰልቺ። ልዩነቱ መምቻው ላይ ነው። ጸጥ ያለ ውሃ ላይ የመጸዳጃ ቤት በር በንዴት የተዘጋ ያህል ድምፅ ትሰማላችሁ። ያኔ ማንም ሰው በደመ ነፍስ ዘንጉን ወደ ላይ ይስባል፤ ማባበያው ከዓሣው አፍ ይወጣና ወደናንተ ይበራል። አትሳቡ። መጠቅለላችሁን ቀጥሉ። የዓሣው ክብደት ዘንጉ ላይ ሲሰማችሁ ብቻ ነው የሚሳበው። ለመናገር ቀላል ነው፣ አውቃለሁ።

የዚህ ዓይነት ጥቅሙ ከታች ያለው ሣርም ግንድም ብዙ አያሰጋውም። ተይዞ አልሳብ ቢልም ስለሚንሳፈፍ ሄዳችሁ ታመጡታላችሁ። ጉዳቱ ሰዓቱ ነው። በጠራራው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ብዙ ጊዜ ዓሣ አይጠራም።

## አምስተኛ፦ ሣር የማይዘው ለስላሳ

ይህኛው ውስጡ ባዶ ወይም ሆዱ የተሰነጠቀ ለስላሳ ዓሣ ነው። አንገቱ ላይ ወይም ሆዱ ላይ እርሳስ ያለው አንድ ሰፊ መንጠቆ ይገባበታል። የመንጠቆው ጫፍ ጀርባው ላይ ተደብቆ ይቀመጣል፣ ዓሣው ሲነክሰው ፕላስቲኩ ይጨማደድና ጫፉ ይወጣል።

መጠኑ ከሌሎቹ ያንሳል፣ ከ13 እስከ 18 ሴንቲሜትር አካባቢ። ይቀላል፣ ይረክሳል። ብዙ ሰው "ይሄማ ትልቅ አይደለም" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን አንድ ሰው መጀመሪያ የቱን ልግዛ ቢለኝ ይሄን ነው የምለው። ጠንከር ያለ የተለመደ የባስ ዘንግ ይችለዋል። ሣር መሃል ይገባል፣ ግንድ ላይ ይወጣል፣ ቢጠፋም እንቅልፍ አይነሳም። ስለዚህ ሰው ያለ ፍርሃት ዓሣው ያለበት ቦታ ይወረውረዋል። ከዋጋው በላይ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ድክመቱ መንጠቆው አንድ መሆኑና መደበቁ ነው። ዓሣው ሲይዘው በደንብ፣ በኃይል መሳብ ያስፈልጋል። ልል ዘንግ ከሆነ መንጠቆው አይገባም።

## በአንድ ዓይን ለማየት

| ዓይነት | የሚሄድበት ጥልቀት | የሚስማማው ውሃ | እንቅፋት ላይ | አያያዙ | ጥንካሬው | ወጪው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ለስላሳ፣ መቅዘፊያ ጅራት | ከመካከል እስከ መሬት | ጥርትም ደፍራሳም | ጀርባው ላይ መንጠቆ ካለው ጥሩ፣ ሆዱ ላይ ከሆነ መጥፎ | ጥሩ | ይቀደዳል | መካከለኛ፣ ግን ቶሎ ያልቃል |
| ግላይድ ቤይት | ከላይ እስከ 2 ሜትር | ጥርት ያለ | መጥፎ | ብዙ ይከተላል፣ ጥቂት ይይዛል | ጠንካራ | ከመካከለኛ እስከ እጅግ ውድ |
| ብዙ ማጠፊያ | ከላይ እስከ መካከል | ጥርት ያለ፣ ትንሽ የደፈረሰ | መጥፎ | ጥሩ | ማጠፊያው ይጎዳል | ከመካከለኛ እስከ ውድ |
| ዌክ ቤይት | ገጽ ላይ | ጸጥ ያለ፣ ደብዛዛ ብርሃን | ጥሩ | ከታገሡ ጥሩ | ጠንካራ | መካከለኛ |
| ሣር የማይዘው | ከላይ እስከ 3 ሜትር | ሁሉም | በጣም ጥሩ | ዘንጉ ጠንካራ ከሆነ ጥሩ | ይቀደዳል | ርካሽ |

## ለማን የቱ?

ገንዘብ ጠበብ ካለ፣ ዘንግ መቀየር ካልቻላችሁ፦ ሣር የማይዘውን ሦስት አራት ፍሬ ግዙ። የአንድ በእጅ የተሠራ ግላይድ ዋጋ የነዚህን ብዙ ፍሬ ይገዛል። ሌላ ምንም አትግዙ። አንድ ወቅት በሱ ብቻ አሳልፉ።

ከባድ ዘንግ ካላችሁ፣ ውሃው ጥልቅና ቀዝቃዛ ከሆነ፦ ለስላሳው። ባሱ ለመራባት ወደ ዳር ከመውጣቱ በፊት፣ ውሃው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለበት ጊዜ፣ ከጥልቁ ወደ ዳር በሚወጣበት መንገድ ላይ መሬቱን እየታከከ የሚመጣ ለስላሳ ትራውትን የሚያህል ነገር እኔ አላየሁም።

ሐይቁን የማታውቁት ከሆነ፦ መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ 17 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ 50 ግራም አካባቢ የሚመዝን ግላይድ። ባይዝም ያሳያችኋል። ትልቁን የ25 ሴንቲሜትር ግላይድ ለጊዜው ተዉት። እሱ የተለየ ዘንግ፣ የተለየ ሪልና የተለየ ትከሻ ይፈልጋል።

ቀን ሥራ ላይ ለምትውሉ፣ ማታ ብቻ ለምትወጡ፦ ዌክ ቤይት። ሌላ ማሰብ አያስፈልግም።

ብዙ ማጠፊያ ያለውን ማን ይግዛ? እውነቱን ለመናገር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ግዢ ነው። ልጅ ወይም አዲስ ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን አንደኛ ይሆናል፣ ምክንያቱም ተሳስቶ መሳብ አይቻልም።

ኪሳችሁ ሰፊ የሆነም ብትሆኑ በእጅ የተሠራውን ውድ ነገር ከዘንጉ በፊት አትግዙ። ቅደም ተከተሉ ዘንግ፣ ሪል፣ ክር፣ ከዚያ ማባበያ ነው።

## ዘንጉና ክሩ

ከ60 እስከ 120 ግራም ላለው ማባበያ ርዝመቱ 2.3 ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ጠንካራ፣ ግን ጫፉ የሚታጠፍ ዘንግ ይበቃል። ሪሉ ብዙ ክር የሚይዝ ይሁን። ለለስላሳውና ለዌክ ቤይት ዝግ ብሎ የሚጠቀልል ሪል እጃችሁን ይገራላችኋል። ለግላይድ ፈጠን የሚለው ይሻላል፣ የላላውን ክር ቶሎ ይሰበስባል።

ክሩ ከ20 እስከ 25 ፓውንድ የሚችል ይሁን። ለሚሰጥሙት ፍሎሮካርቦን ጥሩ ነው፣ ራሱም ይሰጥማል። ለዌክ ቤይት ግን ፍሎሮካርቦን አትጠቀሙ፣ አፍንጫውን ወደ ታች ይጎትተዋል። ናይለን ወይም የሚንሳፈፍ የተጎነጎነ ክር አድርጉ።

አወራወሩም ይለያል። ትንሽ ማባበያ በእጅ አንጓ ይወረወራል። ትልቁ ግን በትከሻ ነው። ከዘንጉ ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ክር አንጠልጥሉ፣ ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ ውሰዱት፣ ክብደቱ ሲሰማችሁ በሁለት እጅ ዘንጉን ገፋ አድርጉ። ማባበያው ውሃ ሊነካ ሲል ሪሉን በአውራ ጣት ጫን አድርጉ። በየጥቂት ውርወራው ቋጠሮውን በጣት ዳስሱት፣ ከሻከረ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።

## ሱቅ ውስጥ የሚታይ

ጠንካራ ማባበያ ከሆነ ሁለቱን ቁራጭ ያዙና አወዛውዙት። ማጠፊያው ሳይጎረብጥ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል መሄድ አለበት። መንጠቆ የሚንጠለጠልበት ቀለበት ጥብቅ ይሁን፣ በጣት ሲዞር መዞር የለበትም። ለስላሳ ከሆነ ጅራቱ ከሰውነቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እዩ። ቀጭን ከሆነ በዝግታ ስትስቡትም ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይበጠሳል። ወፍራም ከሆነ ይከርማል፣ ግን ለመወዛወዝ ፍጥነት ይፈልጋል። ቀለሙን በመጨረሻ እዩት። ቀለም መጀመሪያ የሚይዘው ገዢውን ነው።

ቤት እንደገባችሁ ባልዲ ወይም ገንዳ ውስጥ ክተቱት። ቀጥ ብሎ ይቆማል? ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል? በምን ያህል ፍጥነት ይሰጥማል? ይህን ሐይቁ ላይ ሳይሆን ቤት እወቁት።

ባስ ምግቡን ብዙ ጊዜ ከጭንቅላቱ በኩል ነው የሚውጠው፣ ክንፎቹ እንዲታጠፉለት። ስለዚህ የፊተኛው መንጠቆ ላይ አትሰስቱ። ማባበያው ከነሳጥኑ ይዞት የመጣው መንጠቆ ደነዝ ከሆነ ቀይሩት፣ ግን አዲሱን ከድሮው ጋር በሚዛን አስተያዩ። ከባድ ከሆነ ቀስ ብሎ ይሰጥም የነበረው ግላይድ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። መቆንጠጫና መንጠቆ የሚቆርጥ መቁረጫም ከዘንጉ ጋር አብረው ይሂዱ። ትልቅ ዓሣ እየተወራጨ፣ አንዱ መንጠቆ አፉ ውስጥ፣ ሌላው አውራ ጣታችሁ ውስጥ ሲሆን ያ መቁረጫ ጀልባው ሌላኛው ጫፍ ላይ መሆን የለበትም።